የመለሳት እጅ

በአንድ ወቅት፣ በጉራጌ አገር፣ የመስቀል በሬ ታስሮ፣ ቢላው ተስሎ፣ የእንሰት ቅጠሉ ተነጥፎ፣ አራጁ ግን እጁን አጣጥፎ መንገድ መንገዱን የሚያይበት አንድ ግቢ ነበር።

የግቢው ባለቤት ዘርጋ ይባላል። ከአባቱ የወረሰው ነገር ቢኖር ስሙን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በልጅነቱ በሊስትሮ ሳጥን ጀምሮ፣ ኋላም ሱቅ ከፍቶ፣ በራሱ እጅ አፈራው። እንዲህ ያለ ሰው መቁጠር አይተውም። ያን ዕለትም ቁጭ ብድግ እያለ ይቆጥራል። የተደረደረውን የክትፎ ጣባ ይቆጥራል፤ ቢላዎቹን ይቆጥራል፤ በጀፎሮው ላይ፣ በመንደሩ ቤቶች መካከል በተዘረጋው በሰፊው የሣር መንገድ ላይ፣ ብቅ የሚለውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል። ሁሉም ሞልቷል። የጎደለችው አንዲት ልጅ ናት።

ብርቅነሽ የመጨረሻ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የዚያ ቤት ሳቅ እሷ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ «ወታደር እሆናለሁ» ብላ ማሠልጠኛ ስትገባ፣ ዘርጋ አልከለከላትም። «የጀመርሽውን ጨርሺ፤ መስቀልን ግን እዚህ ዋይ» አላት። እሷም «እሺ» አለች። መስቀልን ቤት መዋል በእሷ እሺታ ብቻ የሚሆን መስሏት ነበር።

በዘርጋ ቤት ከአያት የመጣ ሕግ አለ። ልጆች ሁሉ ሳይሰበሰቡ በሬው አይጣልም። ከሩቅ የመጣው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎርሰው ከመለሰው እጅ፣ ማለትም ለመምጣቱ ምክንያት ከሆነለት ሰው እጅ ነው። የዓመቱ ምርቃት፣ ስም ተጠርቶ፣ መንደሩ ሁሉ አሜን እያለለት የሚሰጠው ምርቃት፣ በዚያ ሰው ላይ ብቻ ያርፋል።

«ለሁሉም ብታደርገው ምን ይጎዳሃል?» ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምርቃት እንደ ቅቤ ነው። ለመንደሩ ሁሉ ከቀቡት የማንም አናት አይርስም።»

በሬው የጎረቤት ቅርጫ ስለሆነ የዘርጋ ሕግ የሌላውንም ሆድ ያስጠብቃል። ጎረቤቱ ደግፌ በሬውንና ፀሐይዋን እያፈራረቀ አይቶ አይቶ፣ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ አንተ ዘርጋ! የኔ ልጆች እኮ ጎመኑን ብቻውን ጨረሱት።»

«ጎመን ለጤና ጥሩ ነው።»

«ፈቃድ ከልክለዋት ቢሆንስ?»

«ቢከለክሏት ኖሮ ሊያመጣት የሄደው ወንድሟ ርስቱ ብቻውን ይመለስ ነበር።»

«ርስቱም እኮ አልመጣም!»

«ይኸው! አልከለከሏትም ማለት ነው።»

ደግፌ ወደ አራጁ ዞረ። «ይሄ ሰው ሲቀንስም ይደምራል» አለው።

ዘርጋ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ልጅቷ በማሠልጠኛው ብዙ አይታለች። ሩጫው አላቃታትም፤ ተኩሱም አላቃታትም። ያቃታት ገመዱ ነው። በገደል ላይ ከግንድ ወደ ግንድ በተወጠረ ገመድ ተንጠልጥሎ መሻገር አለ፤ መሃል ስትደርስ እጇ ይከዳታል። መጀመሪያ ስትወድቅ ከታች የተዘረጋው መረብ ተቀበላት። ሁለተኛ ስትወድቅ ክንዷ ወለም አለ። አብረዋት የገቡት ሲያልፉ እሷ ኋላ ከመጡት ምልምሎች ጋር ተቀላቀለች፤ እነሱም «አክስቴ» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ግን ገመዱን ተሻገረችው። ዘርጋ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

የፈቃዱ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። አንዴ አለ ተባለ። አንዴ ቀረ ተባለ። እንደገና ላለፉት ብቻ ነው ተባለ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ዋዜማው ላይ፣ ሰው ለደመራው እንጨት ሲሸከም፣ መካከለኛው ልጅ ርስቱ ሞተር ብስክሌቱን አስነሣ።

ርስቱ ከአባቱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከተነጋገረ ቆይቷል። ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ መቆሙን ትቶ በሞተር ሰው ማመላለስ የጀመረ ዕለት፣ ዘርጋ «ሱቅ ቆሞ ሰው ይመጣለታል፤ አንተ ግን ሰው ፍለጋ ትሮጣለህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በምርቃት ተጠርቶ አያውቅም። በጥቅምት ሊያገባ ነው። ያልተመረቀ ልጅ ጎጆ ሲወጣ መንደር እንደሚያሾካሹክ አባትም ልጅም ያውቃሉ።

«ፈቃድ መኖሩ ሳይታወቅ የት ትሄዳለህ?» አለው ዘርጋ።

«ፈቃድ ቢሰጧት የምትመጣበት የለም። በመስቀል ሾፌሩም ወደ እናቱ ነው የሚነዳው» አለና ሄደ።

እነሆ እስከ አሁን አልተመለሰም። አራጁ ቢላውን ለሦስተኛ ጊዜ ሊስል ሲያጎነብስ፣ ከጀፎሮው ጫፍ አንድ ሕፃን ጮኸ። «መጡ! በእግራቸው መጡ! ጭቃ ናቸው!»

ዘርጋ መቁጠሩን ረሳው። ጫማውንም ረሳው። በካልሲው ሣሩ ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ ከዚያ በፊት ሮጦ ያየሁት አይመስለኝም ይላል። ከወዲያ ብርቅነሽ የወታደር ልብሷ እስከ ወገቧ በጭቃ ተለውሶ፣ ከኋላዋ ርስቱ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሁለቱም እየተንገዳገዱ ይሮጣሉ። እልልታው ከቤት ወደ ቤት ተቀጣጠለ። ልጅቷ አባቷ ፊት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆማ ሰላምታ ልትሰጥ እጇን አነሣች፤ ግን እጇ ግንባሯ ላይ ሳይደርስ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ከሳሽ!» አላት።

«አባዬ፣ ጠነከርኩ እንጂ አልከሳሁም።»

«ስንት ቀን ሰጡሽ?»

«ነገ ሲመሽ በሩ ላይ መገኘት አለብኝ። ሲነጋ እሄዳለሁ።»

ዘርጋ ወደ አራጁ ዞሮ «ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸበት። እንደዚያ ቀን በሬ ፈጥኖ የወደቀበት፣ ሥጋ ፈጥኖ የተከተፈበት የለም። ቅቤው ሲቀልጥ፣ ቆጮው ሲቆረስ፣ ወንድምና እህት እየተሻሙ የሆነውን ተናገሩ።

ርስቱ ማሠልጠኛው በር ሲደርስ የበሩ ዘብ ሳቀበት። «ወንድሜ፣ ፈቃድ የለም» አለው።

«እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክታባርረኝ።»

«አሁኑኑ ባባርርህስ?»

«ያ ዛፍ ሥር ሄጄ እጠብቃለሁ።»

ዘቡ ዛፉን አየ። ዛፉ ከክልሉ ውጭ ነው። ስለዚህ ተወው፤ ርስቱም ሞተሩን ተደግፎ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ እዚያው አደረ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ፈቃድ ያገኙት እየዘለሉ ወጡ። ሌሎቹ መኪና አጥተው በአስፋልቱ ዳር ሲኮለኮሉ፣ ብርቅነሽ ከወንድሟ ኋላ ተፈናጥጣ ነጎደች።

ከመንደሩ በታች ያለው ወንዝ ግን ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ይዞት ሄዷል። በደረሱበት ዳር የነበሩ ገበሬዎች «ዛሬ አይታሰብም፤ ነገ ይጎድላል» አሉ። ለእሷ ነገ የሚባል ነገር የለም። ርስቱ ከገበሬዎቹ የበሬ መጫኛ ለመነ፤ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ላይ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አስሮ ውሃው ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ ጠለቀ። ሁለት ጊዜ ብቅ አለ። ተሻግሮ ገመዱን ከማዶ ግንድ ላይ አስሮ «ነይ!» አላት። እሷም ያንን ሁሉ ያስለቀሳትን ነገር፣ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መሻገርን፣ በመስቀል ቀን ያለ መረብ አደረገችው።

«ሞተሩስ?» አለ ዘርጋ።

«እዚያው ማዶ ነው።»

«ለማን ተውከው?»

«ለአንድ ገበሬ።»

«ስሙ ማነው?»

«አባዬ፣ ስም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም።»

ዘርጋ እንጀራው የሆነውን ሞተር ስሙን ለማያውቀው ሰው ትቶ የመጣውን ልጁን አየው። ይህን ያህል ዓመት በልቡ «ሰው ፍለጋ ትሮጣለህ» ሲለው ኖሯል። ጣባው መጣ፤ ክትፎው ላይ ቅቤው ያብለጨልጫል። ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ ዞረ። ርስቱም እጁን ታጥቦ እጅጌውን ሰበሰበ።

«በይ አፍሽን ክፈቺ» አላት እህቱን።

«ቆይ» አለች ብርቅነሽ። «ሁሉን ሳልናገር አልጎርስም። እትዬ፣ ልንገራቸው?»

ሽታዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የዘርጋ ታላቅ ልጅ ናት፤ ከባሏ ጋር እዚያው መንደር ትኖራለች። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። አሁን ሦስተኛው ሆዷን ገፍቶ፣ መንደሩ ሁሉ ስለእሷ ቀስ ብሎ የሚናገርበት ሰዓት ነው። «ተይው አንቺ» አለች። ብርቅነሽ ግን አልተወችውም።

ክንዷ ወለም ካለ በኋላ፣ ስልክ በሚፈቀድበት እሑድ ወደ ቤት ደወለች። ዘርጋ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ያነሣችው ሽታዬ ናት። «እትዬ፣ በቃኝ» አለቻት። «ሻንጣዬን አስሬያለሁ። ነገ ፈርሜ እወጣለሁ። መስቀልንም ከእናንተ ጋር እውላለሁ።»

ሽታዬ የነጋዴ ልጅ ናት። ደንበኛ ሊሄድ ሲነሣ «አትሂድ» እንደማይባል፣ «ይቺን አይተህ ሂድ» እንደሚባል ከአባቷ ሱቅ ተምራለች።

«ነይ» አለቻት። «በሩ ክፍት ነው። ግን ክንድሽ አብጦ ብትመጪ አባዬ የሚያፋጥጠው እኔን ነው። ይችን ሳምንት ብቻ ቆይተሽ፣ እብጠቱ ሲጎድል ነይ።»

በሚቀጥለው እሑድ «ጭቃው እንዲህ ሆኖ በየት ትመጫለሽ? ትንሽ ያባራና ነይ» አለቻት። በሌላው «ሹራብ ልኬልሻለሁ፤ ልበሽውና ነይ» አለቻት። ሹራቡ ገና አልተጀመረም ነበር። እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ሰበብ ነበረው፤ አንዱም ላይ «አትምጪ» አላለችም። ለአባቷም ትንፍሽ አላለችም። አንድ እሑድ ብርቅነሽ ደውላ ሳቀች፣ ሳቀች፣ መናገር እስኪያቅታት ሳቀች። «ተሻገርኩት!»

«እሰይ! በይ እንግዲህ አሁን ነይ።»

«አበድሽ እንዴ እትዬ? አሁንማ ማን ይመጣል!»

ግቢው በሳቅ አወካ። ዘርጋ ብቻ አልሳቀም። የራሱ የገበያ ዘዴ፣ እሱ ሳያውቅ፣ ልጁን ወታደር አድርጎ እንዳቆመለት እያሰበ ነበር። ሽታዬ እርግጠኛውን መስቀል ትታ ያልተረጋገጠውን እንደመረጠችም አሰበ። ልጅቷ ያኔ ትታ ብትመጣ ኖሮ ዛሬ ማንም መንገድ አያይም ነበር።

«አባዬ» አለ ርስቱ፣ ግማሹን እየቀለደ፣ ግማሹን ግን ከምሩ፣ «እትዬ ያደረገችው እንዳትመጣ ነው እኮ። የመለሳት እጅ ይባላል እንጂ ያስቀራት እጅ ይባላል?»

«እኔ ባላቆያት ምን ልታመጣ ነበር?» አለች ሽታዬ። «ሻንጣ?»

«እውነቷን ነው!» አሉ ሴቶቹ።

«ወንዙን የገባው እሱ ነው!» አሉ ወንዶቹ።

«እኔ በበኩሌ ማንም ያጉርስ፤ ብቻ ይጀመር» አለ ደግፌ።

ብርቅነሽ ግን አሁንም አፏን አልከፈተችም። ኮፍያዋን አውልቃ በእጇ ታገላብጠዋለች። «አልጨረስኩም» አለች።

«ደግሞ ሌላ አለ?» አለ አራጁ።

«ፈቃዱ የኔ አልነበረም።»

ዘርጋ ጠጋ አለ።

ከየመኝታው ረድፍ አንድ ሰው ብቻ እንዲወጣ ተፈቅዶ ዕጣ ተጣለ። በብርቅነሽ ረድፍ የወጣው ከላይዋ አልጋ ለምትተኛው ለዓለሚቱ ነው። ዓለሚቱ የጋሞ ደጋ ልጅ ናት። እዚያም መስቀል ማለት እንደዚሁ ነው፤ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፣ አባት ይመርቃል። ልጅቷ ግን ያን ሌሊት የዘብ ተረኛ ነበረች። ከበሩ ላይ ሆና፣ ዛፍ ሥር፣ ዝናብ ውስጥ፣ ሞተሩን ተደግፎ የቆመውን ሰው ስታየው አደረች። ሲነጋ ማን መሆኑን ብርቅነሽን ጠየቀቻት። ከዚያ ቀጥታ ወደ አሥር አለቃው ሄደች።

«ምን አለችው?» አለ ዘርጋ።

«‹በኔ ፋንታ ብርቅነሽ ትሂድ› አለችው። እሱም ‹ከዚህ ረድፍ የሚጎድለው አንድ ሰው ነው፤ ማንም ይሁን› አለ። እኔ እምቢ አልኩ፣ አባዬ። ለመንኳት። ‹የኔ ወንድም በሩ ላይ አልቆመም፤ ያንቺ ቆሟል። ሂጂ፣ አታስጠብቂው› አለችኝ።»

«አየሽ!» አለ ርስቱ። «እኔን አይታ ነው የሰጠችሽ።»

«አይታህማ ነው» አለች ብርቅነሽ። «ግን ዛፍ ሥር ሺህ ሰው ቢያድር፣ እሷ እምቢ ብትል አልወጣም ነበር።»

«ቤተሰቦቿ ያውቃሉ?» አለች ሽታዬ።

«በምን ያውቃሉ? ስልክ የለም። የእሷም አባት እኮ በሬ አስሮ ይጠብቃል።»

ዘርጋ ሳያስበው ወደ ጀፎሮው ዞረ። መንገዱ አሁን ባዶ ነው፤ የሚጠበቀው ሰው ደርሷል። አንድ ሌላ ሰው ግን፣ በሌላ ተራራ ላይ፣ እሱ ዛሬ ጠዋት እንደቆመው ቆሞ፣ እሱ እንደቆጠረው እየቆጠረ፣ «አልከለከሏትም፤ ትመጣለች» እያለ ጎረቤቱን ይከራከር ይሆናል።

ርስቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ትልቅ ነገር ነው። አልክድም። ግን እዚህ የሌለ እጅ እንዴት ያጎርሳል?»

«የሌለችው እኮ እኔ ስላለሁ ነው» አለች ብርቅነሽ።

«የእሷ ምርቃት ከአባቷ ነው» አለች አንዲት አሮጊት።

«አባቷ ጋ እንዳትደርስ ያደረጋት ይህ ቤት አይደለም ወይ?» አለ አራጁ። ቢላውን ይዞ ሲናገር ሰው ሁሉ ያደምጣል።

«ታዲያ ዘንድሮ ለሁሉም ይሁን!» አለ ደግፌ። «ቅቤው ቀልጦ አልቋል፤ አንተ አሁንም ስለ ቅቤ ታወራለህ!»

«አይሆንም» አለ ዘርጋ። «አያቴ ለአንድ ነው ያለው። ለሁሉም ያልኩ ዕለት ለማንም አላልኩም።»

ዘርጋ ዕድሜውን ሁሉ እንዳደረገው በልቡ ማስላት ጀመረ። ሽታዬን ቢቀንስ፣ ልጅቷ ለመስቀል በእርግጥ ቤት ነበረች፤ ግን አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ሌላ ልጅ ናት። ርስቱን ቢቀንስ፣ ፈቃዱም ባልመጣ ነበር፤ ቢመጣም ከወንዙ ማዶ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ዓለሚቱን ቢቀንስ፣ ርስቱ እንደሄደ ባዶውን ይመለሳል፣ በሬውም እንደታሰረ ይመሻል። የትኛውንም ቢያነሣ ይህች በጭቃ የተለወሰች፣ ሳቋ ቤቱን የሞላው ወታደር አትኖርም። ደግሞ ዓመቱ ረጅም ነው። አንዷ በሆዷ የያዘችውን ይዛ ወደ ወሯ ትገባለች። አንዱ ጎጆ ይወጣል። አንዷ በአባቷ ምርቃት ፋንታ የሌላ ሰው ልጅን ደስታ መርጣ፣ አሁን በዚያ በር ላይ ጠመንጃ ይዛ ቆማለች።

«ብርቄ፣ አንቺስ?» አለ በመጨረሻ። «አፉ ያንቺ ነው።»

«አባዬ፣ እኔ ተራ ወታደር ነኝ» አለች። «ትእዛዝ ከላይ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ዘርጋም ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ እዚያው ነው።

ሽታዬ እጇን ታጥባ ከብርቅነሽ ቀኝ ተቀመጠች። ርስቱ እጅጌውን እንደሰበሰበ ከፊቷ ቆመ። ብርቅነሽ ራሷ ወደ ጎን ጠጋ ብላ በግራዋ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች፤ የሚጠራው ስም የዓለሚቱ ከሆነ ዘርጋ ራሱ በእሷ ፋንታ እዚያ ተቀምጦ ያጎርሳታል። ክትፎው ሳይቀዘቅዝ መጀመር አለበት፤ ልጅቷም ሲነጋ ትሄዳለች። ጎረቤት፣ ሴት፣ ወንድ፣ ሕፃን ሁሉ አሜን ለማለት ቆሟል። ዘርጋ ተነሥቶ ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ የሚጠራው አንድ ስም ነው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እናንተም እጃችሁን በዘርጋ ቦታ ዘርጉና ተከራከሩበት፦ ብርቅነሽን የመለሳት እጅ የማን ነው? ምርቃቱስ የሚገባው ለማን ነው፤ እንዳትመጣ አድርጋ ላቆየቻት፣ ወንዝ ገብቶ ላመጣት፣ ወይስ በእሷ ፋንታ ለቀረችው?